ምንጣፉ ከታች ይጀምራል

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ዕለት ማታ ባሌ አላለቀሰም። ቦሌ ስንደርስ አንዱ ባል የሚስቱ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ይንሰቀሰቃል፤ ሴትዮዋ ደግሞ «በቃ፣ ሰው እያየን ነው» ትለዋለች። ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ አየኋቸውና ቀናሁ። ቅናቴ ከዚያ ነው የሚጀምረው፣ እዚህ ላይ ያዙልኝ። የእኔው ጌትነት መንገዱን ሙሉ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ሚኒባሱ ጫጫን ሲያልፍ እንኳ ቀና ሳይል፣ «ቤዚ፣ ይሄን በተን ስጫነው ለምንድን ነው ዝም የሚለኝ?» እያለ ነበር የመጣው።

«ሥለኸዋል እንጂ ሲጫኑህ ይህን አድርግ አላልከውም» አልኩት።

«እንዲህ አምሮበት?»

«አምሮበታል። ደወል ሰቅለህ ሽቦውን አላገናኘህም ማለት ነው።»

እንዴት እንደሚገናኝ አሳየሁት። ሸኖ ሳንደርስ በተኑ ሠራ፤ ትንሽ መስኮት ብቅ አለችና «ሰላም ቤዛ» የሚል ጽሑፍ አወጣች። ጌትነት እንደ ልጅ ሳቀ። እንባው የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ ከርሜ፣ እዚያች መስኮት ውስጥ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ፕሮግራሚንግ አስተምር ነበር። ጌትነት ከአባቱ የወረሰው የሱፍ ምንጣፍ ቤት አለው። እኔ ሰሜን ጀርመን ባለች አንዲት የወደብ ከተማ ሥራ ሳገኝ የተነጋገርነው ቀላል ነበር፤ እኔ ቀድሜ እሄዳለሁ፣ እሱ የቋንቋውን ፈተና አልፎ፣ የቪዛ ቀጠሮ ይዞ ይከተለኛል። ሱፍ ብቻ የሚያውቅ እጅ ይዞ መጥቶ ቤት እንዳይውልብኝ ብዬ ፕሮግራሚንግ ላስተምረው የጀመርኩትም እኔ ነኝ። እሱም ከሚያውቀው ተነሣ። የምንጣፉን ንድፍ ኮምፒውተር ላይ በካሬ በካሬ ሥሎ፣ ለሠራተኛው ረድፍ በረድፍ «ይህን ያህል ቀይ፣ ከዚያ ይህን ያህል ነጭ» እያለ የሚያትም ፕሮግራም አሰበ። ምንጣፍ ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ እንደ ልብ ስለማይገኝ ያለ ኢንተርኔት በዴስክቶፕ የሚሠራ መሆን ነበረበት። ሐሳቡን ስሰማ ኮራሁበት። ያመጣልኛል ያልኩት ፕሮግራም ይዞ እንደሚያስቀርብኝ ማን ይገምታል?

ስለዚህ አገር ደግሞ። አከራዬ ፍራው ክሩገ፣ ማለትም ወይዘሮ ክሩገ፣ የተባሉ አሮጊት ናቸው። በገባሁ ቀን ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘው መጡና «ከአፍሪካ ስለመጡ ይበርድዎታል» አሉኝ። እኔ ያደግሁበት አገር ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ እንደሚያድር ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ስልካቸውን አውጥተው የደብረ ብርሃንን አየር ፈለጉ፣ አነበቡ፣ ብርድ ልብሱን መልሰው ይዘውት ሄዱ። እዚህ በበረዶው ወራት መስኮት በርግዶ መክፈት ግዴታ ነው፤ ሉፍተን ይሉታል፣ በቤት ኪራይ ውሉ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። እኛ የመስኮት ስንጥቅ በጨርቅ የምንወትፍ ሰዎች፣ እዚህ መጥተን ያሞቅነውን ቤት በገዛ እጃችን እናበርዳለን።

የደብዳቤ ሳጥኔ ላይ ከስሜ ሥር የጌትነትን ስም ለጥፌያለሁ። ፍራው ክሩገ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል።

«ባለቤትዎ መቼ ነው የሚገቡት?»

«በቅርቡ።»

«አይቸኩሉ። እንደ እሳቸው ያለ ተከራይ ገጥሞኝ አያውቅም። ድምፅ የላቸው፣ በር አያንጓጉ፣ የሽንኩርት ሽታ የላቸው።»

ሽንኩርቱ ለእኔ ነበር።

የውጭ ዜጎች ቢሮ ደግሞ አለላችሁ። ተርሚን ማለት ቀጠሮ ነው፤ ከዚህ ቋንቋ ሌላው ቃል ቢጠፋችሁ ይህን አትርሱ። የጌትነትን ጉዳይ ይዤ የቀረብኩለት ሰውዬ ወረቀታችንን አገላብጦ «የእርስዎና የባልዎ የቤተሰብ ስም ለምን ተለያየ?» አለኝ።

«የእኔ የአያቴ ስም ነው። የእሱም የአያቱ።»

ጽፎ ጽፎ ቀና አለ። «ስለዚህ የተጋቡት አያቶቻችሁ ናቸው?»

«አይደሉም። እነሱ ተያይተውም አያውቁ።»

«ታዲያ እናንተ ምንና ምን ናችሁ?»

«ባልና ሚስት ነን።»

«እሱን ያረጋግጡልኛ» አለ። አንኮበር ቤተ ክርስቲያን ቆርበን እንደተጋባን ነገርኩት፤ ማኅተም አለው ወይ ሲል ጠየቀኝ። ከእኔ ቀጥሎ አንድ ስም የያዙ ባልና ሚስት ገብተው፣ እኔ ገና ወረቀቴን ሰብስቤ ሳልጨርስ ተሳስቀው ወጡ። በእነሱም ቀናሁ።

ደግነቱ ያኔ ጌትነት ቶሎ ቶሎ ይደውል ነበር። አንድ ቀን በቪዲዮ ደወለና «ቤዚ፣ ፕሮግራሙ ሞተብኝ» አለ። አየሁት። ንድፉን አስገብቶ «አትም» የሚለውን በተን ሲጫን መስኮቱ ነጣ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ፣ ፕሮግራሙ መልስ እየሰጠ አይደለም፣ ልዝጋው ወይስ ትጠብቃለህ ብሎ ይጠይቃል። እሱ ሁልጊዜ ይዘጋዋል።

«አልሞተም» አልኩት። «የንድፉን ካሬ በሙሉ እየቆጠረ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሱቅ ሲጠብቅ አስበው። ጓዳ ገብቶ ሱፍ ሲመዝን ደንበኛ ቢጠራው አይሰማም። ሱቁ አልተዘጋም፣ ሰውየውም አልሞተም፤ ጓዳ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ለጓዳው ሥራ ሌላ ሰው መድብ። አንተ በር ላይ ቆመህ የመጣውን አናግር።»

ከባዱን ቆጠራ ለብቻው እንዲሄድ አድርገን እስክንጽፈው ድረስ እራቴን ስልኩ ፊት በላሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ገባኝ፤ ስህተት ሲኖር ስልኩ ይረዝማል። ስህተት እንዲበዛ ጸለይኩ አልላችሁም፣ ሲበዛ ግን አልከፋኝም።

ጌትነት ምክሬን ሁለት ጊዜ ሠራበት። አንዴ ኮዱ ውስጥ፣ አንዴ ምንጣፍ ቤቱ ውስጥ። ለኮምፒውተሩ ሥራ ሕሊናን ቀጠራት። እኔ ስለ ኮዱ ብቻ ነበር የተናገርኩት።

ሕሊና ተማሪዬ ነበረች። የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ጥያቄዋ የማያልቅ፣ ጎበዝ ልጅ። በቪዲዮው ብቅ ብላ «ቲቸር፣ እንደምን አሉ? ምንም አይጨነቁ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ። ያስጨነቀኝ ይኸው «እኔ አለሁ» ማለቷ እንደሆነ አላወቀችም። አንቱታዋም አልጣመኝም፤ ባሌ አጠገብ ተቀምጣ እኔን አንቱ ስትለኝ የባሌ እናት የሆንኩ መሰለኝ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ጀማሪ ሁሉ የሚገጥመው ነው። ፕሮግራሙ በጌትነት ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ምንጣፍ ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሲጭኑት ቀለሞቹ ይጠፋሉ። ይህን በመልእክት ነገረኝና ሊደውል ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልደወለም። እሑድ ራሴ ደወልኩ።

«እሱማ ተስተካከለ» አለኝ።

«ማን አስተካከለው?»

«አስተካከልነው።»

«ማንና ማን?»

«ሕሊና ናት ያየችው። የቀለሞቹን ፋይል ስጠራ አድራሻውን ከራሴ ላፕቶፕ፣ በራሴ ስም ነው ለካ የጻፍኩት። እዚያኛው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ እኔ የምባል ሰው የለም። አሁን ፋይሉን ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አደረግነው፤ የትም ቢሄድ ይዞት ይሄዳል።»

መፍትሔው ትክክል ነበር፣ ምን እላለሁ? «እኔ የምባል ሰው የለም» ሲል ግን ትዝ ያለኝ የደብዳቤ ሳጥኑ ነው።

«ምን ትላለች መሰለሽ» ብሎ ቀጠለ። «ኮዱን ከመነካካትህ በፊት ስህተቱ የሚለውን አንብብ፣ ደንግጠህ አትዝጋው ትላለች። ይሄ ነገር ስንት አስተማረኝ።»

ይህ የእኔ ቃል ነው። በዚያ ኮሌጅ ያለፈ ተማሪ ሁሉ ከእኔ አፍ ሰምቶታል። ለራሱ ለጌትነትም ነግሬው ነበር፤ ያኔ እያዛጋ ነበር የሰማኝ። ከእሷ አፍ ሲወጣ ጣፈጠው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ወዲያ ወዲህ እያልኩ ተብከነከንኩ። ላፕቶፑ እኔ የተውኩለት ነው፤ ፊደላቱ የተፋቁት በእኔ ጣት ነው፣ አሁን የእሷ ጣት ያርፍበታል። ልብሴ ላይ ቀረ ብዬ ስነጫነጭበት የኖርኩትን የሱፍ ሽታ እሷ ይዛው ቤቷ ትገባለች። ከሁሉ የበለጠ ያንገበገበኝ ግን፣ እንቢ ያለው ነገር ድንገት ሲሠራ ጌትነት ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያንን ፊት በየቀኑ የምታየው እሷ ናት። ደግሞ ልጅቷን መጥላት አልቻልኩም። ብችል በቀለለኝ።

የቪዛው ተርሚን ደረሰ። ጌትነት «ይቺን አንዲት ስህተት ላስተካክልና» አለና አሳለፈው። በስንት ጭቅጭቅ ሌላ ተያዘ። ይህን ሥራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የመጨረሻ ስህተት የሚባል ነገር የለም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ እመጣለሁ ያለ ሰው አልመጣም ማለቱ ነው። ስለዚህ ስህተት ሲበዛ የማይከፋኝ እኔ፣ እያንዳንዱን በቶሎ ለማጥፋት መሮጥ ጀመርኩ፤ እሱና ሕሊና ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይጨምሩበታል።

ከዚያ አንኮበር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለመግቢያው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ምንጣፍ አዘዘ። በፕሮግራሙ የሚሠራ የመጀመሪያው ሙሉ ምንጣፍ ነው። ጌትነት «ይህን ላስረክብና በቀጥታ ወደ ተርሚኑ» ብሎ ማለልኝ። ምንጣፉ ባለቀ ማግስት በቪዲዮ ደወለ።

«ቤዚ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ፊደሉ ተገልብጧል።»

ካሜራውን አዞረው። ፊደሎቹ በሙሉ በጭንቅላታቸው ቆመዋል።

«ምንጣፉን አዙሩት እንጂ» አልኩ። አዞሩት። ፊደሎቹ ቀና አሉ፣ ግን ግራና ቀኛቸው ተለዋውጦ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ ሆኑ። ምንጣፉን የሠሩት ሽማግሌው ጋሽ ተፈራ አጠገቡ ቆመዋል።

«ጋሽ ተፈራ፣ ሲሠሩት አላዩትም?» አልኳቸው።

«አየሁት እንጂ፣ ልጄ። ፈረንጅ የሚያርፍበት ቤት ነው ስትሉኝ የፈረንጅ ጽሕፈት መሰለኝ። እኔ ወረቀቱ ያለኝን ነው የሠራሁ።»

ችግሩ ገና ሳየው ገብቶኛል። ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር ጠየቅሁ። «ሕሊና ምን አለች?»

«ከትናንት ጀምሮ አብረን እያየን ነው። አላገኘችውም።»

እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አልቸኮልኩም። «ኮዱን ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብብልኝ» አልኩት፣ የትኛው መስመር እንደሆነ እያወቅሁ። አነበበልኝ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ድምፁን ሰማሁ።

ሲጨርስ «ስክሪኑ ረድፉን ከየት ነው የሚቆጥረው?» አልኩት።

«ከላይ።»

«ጋሽ ተፈራስ ከየት ነው የሚጀምሩት?»

ጋሽ ተፈራ ከኋላው «ከታች ነዋ። ምንጣፍ ከላይ ይጀመራል እንዴ?» አሉ።

«በቃ ይኸው ነው» አልኩ። «ረድፎቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አትማቸው።»

ሕሊና እጇን አናቷ ላይ ጭና ወደ ካሜራው መጣች። «ወይኔ ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ እኮ ነግረውናል። የስክሪን ዜሮ ከላይ፣ ግራ ጥግ ነው ብለው ሥለው አሳይተውናል። እንዴት ረሳሁት?» ብላ ሳቀች። ጌትነትም ሳቀ። ፊት ለፊት ተያይተው ነው የሳቁት። መልሱን የሰጠሁት እኔ፣ ፊቱ የበራው ወደ እሷ። ደስታዬ እዚያው አለቀ።

እሷ ከካሜራው ፈቀቅ ስትል ጠብቄ «እንግዲህ ስህተቱ አለቀ። ለተርሚኑ ትሄዳለህ አይደል?» አልኩት።

«ምንጣፉን እንደ አዲስ መሥራት አለብን እኮ።»

«የሚሠሩት ጋሽ ተፈራ ናቸው።»

«እሱስ ልክ ነሽ…» ብሎ ቆመ።

ስልኩ ላይ ምስሉ ቀጥ አለ። ፊቱ ግማሹ ወደ እኔ፣ ግማሹ ወደ ጎን። መስመሩ ተቆረጠ ብዬ «ሃሎ፣ ጌቴ?» አልኩ። አልተቆረጠም፣ ድምፅ ይመጣል። ጋሽ ተፈራ ያንኑ ወረቀት ከመጨረሻው ረድፍ ይዘው አዲሱን ምንጣፍ ከታች ጀምረዋል፤ ረድፉን የሚጠቀጥቁበት ብረት ጧ ጧ ሲል ይሰማኛል። ጌትነት እዚያው ነው። የምለውን ይሰማል፣ አይመልስልኝም።

ኮምፒውተር ቢሆን፣ ልዝጋው ወይስ ትጠብቂያለሽ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ስልክ አይጠይቅም። ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ እንደያዝኩት ቆየሁ።