ለአሮጌው ጊታሬ ፒክአፕ ስመርጥ

ጊታሬ የሞተው ዱከም ላይ፣ በሰው ሰርግ መሃል ነው። መጀመሪያ ጮኸ። ጥርስ የሚያንገበግብ ቀጭን ጩኸት ነበር፤ ሙሽራይቱ ሳትቀር ጆሮዋን ያዘች። ድምፁን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። ጃኩን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ጊታሩን መታ መታ አደረግሁ፣ ወይ ፍንክች። የቀረውን ዘፈን እጄን ክሩ ላይ እያመላለስኩ የምጫወት መስዬ ጨረስኩት። በሃምሳ ዓመቴ እንዲህ ያለ ውርደት ገጥሞኝ አያውቅም።

ወደ ናዝሬት ስንመለስ የባንዳችን መሪ ከፊት ወንበር ሆኖ ሳይዞር ተናገረኝ። እሱ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ በዕድሜ ቢያንሰኝም ስፒከሩም ሚክሰሩም ሥራውም የሱ ነው።

"ወንድሜ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡልቡላ ሰርግ አለን። እስከዚያ ጊታርህ ካልተስተካከለ በኪቦርዱ እንሸፍነዋለን። የጊታር ድምፅ እኮ እሱም ውስጥ አለ።"

ክፉ ሰው አይደለም። የተናገረው እውነቱን ነው፤ የባሰብኝም እሱ ነው። በየከተማው ጊታር ተጫዋች እየቀረ ኪቦርድ ብቻውን ሰርግ ሲያስጨፍር አይቻለሁ። ቀን ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ደሞዜ ከዚያ ነው። ሰው መሆኔ ትዝ የሚለኝ ግን ቅዳሜ ጊታሩን ስይዝ ነው። ፈራሁ።

ቤት ገብቼ ስፈታው ጥፋቱ የፒክአፑ መሆኑን አወቅሁ። የጊታር ፒክአፕ ስል መኪናውን ማለቴ አይደለም። ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞበታል። ክሩ ሲርገበገብ የሚሰማው እሱ ነው፤ እሱ ያልሰማውን ስፒከሩ አያወራም። የኔ ጊታር ያለው አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ምርጫ የሚባል በሽታ ያዘኝ። በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስልኬ ላይ ተደፍቼ የፈረንጅ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። አንዱ ይሄኛው ድምፁ ሞቅ ይላል ይላል፣ ሌላው ያኛው ብሩህ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ክሬም ክሬም ይላል ይላል። ድምፅ እንዴት ክሬም ክሬም እንደሚል እስካሁን አልገባኝም። የማውቃቸውን ጊታር ተጫዋቾች ስጠይቅ ሁሉም ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ "ኃይለኛውን ግዛ!" እኛ ዘንድ ዕቃ የሚመረጠው በጉልበቱ ነው፤ ስፒከርም ቢሆን፣ ጄነሬተርም ቢሆን፣ የውሃ ፓምፕም ቢሆን። እኔም ከሰው አልለይም፤ ከአዲስ አበባ ኃይለኛ የተባለውን፣ ባለ ድርብ ጥቅልሉን አስመጣሁ። በአሮጌው ቦታ ልክክ ብሎ ገባ። በካውያ በየድኩት፣ ሞከርኩት። አይጮህም፣ አያጉረመርምም፣ ጉልበቱ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ደስ ብሎኝ ለብቻዬ ጨፈርኩ።

ልምምድ ላይ መሪያችንም ደስ አለው። "ይኸው፣ አሁን ሰው ሆንክ!" አለኝ። ቀጥሎ ግን ምን ትዝ እንዳለው እንጃ፣ እኔ የተጫወትኳትን በትዝታ ቅኝት የሆነች ሐረግ ኪቦርዱ ውስጥ ባለው ጊታር ደገማት። ዘፋኛችንን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እኔም እሱም በየተራ ከተጫወትናት በኋላ "የቱ ነው የሱ?" ሲል ጠየቃት።

ዘፋኛችን ሳታመነታ የኪቦርዱን ድምፅ የኔ ነው አለች።

"ታዲያ ሁለት ሰው ምን ያደርግልናል?" ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እየተጫወትኩ ራሴን ማዳመጥ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። አዲሱ ፒክአፕ በስሱ ብነካውም አጥብቄ ብመታውም የሚሰጠኝ ያንኑ ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ ፈጣን ጣት ያለኝ ሰው አይደለሁም። ያለኝ ነገር ቢኖር ክሩን በጣቴ ሥጋ ዳሰስ አድርጌ፣ ቆይቼ፣ ድንገት መንቀል ነው፤ ትዝታ ላይ ሰው "እህ" የሚለው እዚያ ጋ ነው። ያቺ ጠፍታለች። ቦታዬን ለማዳን ብዬ ቦታዬን የሚያስለቅቀኝን ዕቃ ገዝቼ፣ በገዛ እጄ በይጄ አስገብቻለሁ። በጣም ተናደድኩ፤ የተናደድኩትም በራሴ ነበር።

በማግስቱ አሮጌውን ፒክአፕ በመሀረብ ጠቅልዬ ከገበያው ጀርባ ወዳሉት የዳይናሞ ሽቦ ጠቅላይ አዛውንት ሄድኩ። የቆቃ ሰው ናቸው፤ የአትክልት ገበሬዎች የተቃጠለ የፓምፕ ሞተር ተሸክመው የሚመጡት እሳቸው ዘንድ ነው።

"አካም ጅርቱ፣ አባ?" ብዬ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቅኋቸው።

"ነጋ፣ ነጋ፤ ደህና ነኝ። ይሄ ደግሞ የምን ሞተር ነው?"

"ሞተር አይደለም አባ፣ የጊታር ነው።"

"የማይዞር ነገር ጠቅልዬ አላውቅም" አሉና መነጽራቸውን አስተካከሉ። ቴስተር ሰኩበት፤ መርፌው አልተነቃነቀም። ከዚያ አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው እንደ በርበሬ አሸተቱት። የተቃጠለ ጥቅልል ከጠረኑ ይታወቃል።

"አልተቃጠለም። ሰም ነበረው፤ ፈሷል። ፀሐይ ላይ ጥለኸዋል?"

ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። አምና መተሃራ ሥራ ሄደን፣ ሚኒባሱ ውስጥ ለስፒከሩ ቦታ ስንለቅ፣ ጊታሬን በጥቁር ቦርሳው ጣሪያው ላይ አስሬ ምሳ በልቼ ነበር። ምሳው ደግሞ ረጅም ነበር።

"በመተሃራ ፀሐይ!" አሉ፣ ሰው የገደልኩ ይመስል። "ሰሙ ሲሄድ ሽቦው ላላ። የላላ ሽቦ ይንቀጠቀጣል፤ የጮኸብህም እሱ ነው። ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ተበጠሰ።"

እንዲጠቀልሉልኝ ለመንኳቸው፤ እግረ መንገዴንም "ካልቀረ ትንሽ ዙር ይጨምሩበት አባ፣ ጠንከር ይበል" አልኩ። አመሌ አልለቀቀኝም ነበር።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰው ሁሉ ጨምርልኝ ይለኛል። አልጨምርም። እኔ የነበረውን ቆጥሬ፣ የነበረውን ነው የምመልሰው። ካልፈለግህ ይዘህ ሂድ።"

አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ የሞተውን ጥቅልል ሳይቆርጡ ወደኋላ እየተረተሩ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ልክ ያንኑ ያህል አዲስ ይጠቀልላሉ። የኔው ግን ሽቦው ከመቅጠኑ የተነሳ በየመሃሉ ይበጠሳል። "የሒሳብ አስተማሪ አይደለህ? ቁጠር!" አሉኝ። እሳቸው ይተረትራሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ፤ መቶ በሞላ ቁጥር የብረት በሩ ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ። አንድ ገበሬ ስለ ፓምፑ ሊጠይቅ ገብቶ ሰላም ሲለኝ ስልሳ ይሁን ሰባ ጠፋኝ። አልተቆጡም። "ስልሳ አራት ላይ ነበርክ" አሉ፤ ለካ እሳቸውም በሆዳቸው ይቆጥሩ ነበር። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላውን ፈጀብን፤ ዙሩ ከሰባት ሺህ አለፈ። ተማሪ ፊት ሠላሳ ዓመት ቆሜ እንደዚያ ልብ ብዬ ቆጥሬ አላውቅም። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ እያለኝ ሄደ።

እንደዚያ የቀጠነ ሽቦ ሱቅ ውስጥ ስላልነበረ የድሮ ከባድ ቻርጀሮችን ሆድ ከፍተው አወጡ። ጠቅልለው ሲጨርሱ ከጠጅ ቤት ያስመጡትን ሰም በጣሳ አቀለጡና ፒክአፑን ነከሩት። ትንንሽ አረፋ እየተነፈሰ ወጣ። አረፋው እስኪያልቅ ሁለታችንም ጣሳውን አቀርቅረን አየን። ይሄ ሁሉ ያለቀው ዓርብ ነው፤ ለልምምድ ጊዜ አልነበረም። አዲሱን ነቅዬ አሮጌውን መልሼ በየድኩና ቅዳሜ ጠዋት ቡልቡላ ወረድን። ጊታሬን መንገዱን ሙሉ ታቅፌው ነበር።

ምሳ ሲነሳ ክላሲካል እንጫወታለን፤ እንግዳው እየበላ የሚሰማው ያለ ዘፈን የሆነ ለስላሳ ዜማ ነው። ትዝታን ጀመርን። የትኛው ፒክአፕ እንደገባበት ለመሪያችን አልነገርኩትም። በዓይኔ ጫፍ ሳየው የቀኝ ጣቱ የኪቦርዱን የጊታር ቁልፍ ነክቶ ተቀምጧል፤ ከጮኸብኝ ሊገባበት ነው። የመጀመሪያውን ክር በጣቴ ሥጋ ዳሰስኩት።

አልጮኸም። ቀስ ብዬ ስነካው ቀስ ብሎ ተናገረ። ቆየሁ፤ ድንገት ስነቅለው ተከፍቶ ወጣ። ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሽማግሌ ጉርሻቸውን አፋቸው አጠገብ አቁመው "እህ!" አሉ። ዘፋኛችን ዞራ አየችኝ። መሪያችን ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ፤ በግራ እጁ ቤዙን ብቻ ይዞ ቀኙን ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ላብ ነው ብዬ በትከሻዬ ጠረግሁት።

ዕቃ ስንጭን ኪቦርዱን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ፣ እኔን ሳያይ ተናገረ። "ለሚቀጥለው ቅዳሜ የትዝታን መግቢያ ብቻህን ጀምራት። እኔ እከተልሃለሁ።"

አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ እከተልሃለሁ ብሎኝ አያውቅም።