ቀዩ ወጠጤ የሰበረው መብራት

ባሌ መኪና ሲያጥብ ያየ ሰው ሙሽራ የሚያሰናዳ ይመስለው ነበር። በተለይ የፊት መብራቶቹን በጨርቅ አሽቶ አሽቶ፣ እትፍ ብሎ ደግሞ አሽቶ፣ ፊት የሚያሳዩ ያደርጋቸዋል። እኔም አንዳንዴ ሰው ሳያየኝ ጎንበስ ብዬ ሻሼን አስተካክልባቸው ነበር።

መኪናው ግን የእኛ አልነበረም። የአንድ የወልድያ ነጋዴ የጭነት መኪና ነው። ባሌ ተቀጥሮ ይነዳል፤ በኮረም በኩል ዞሮ ሰቆጣ ድረስ ሸቀጥ ያመጣል፣ ሲመለስ ማርና ቆዳ ጭኖ ይሄዳል። ነጋዴው ሲቀጥረው፣ «መኪናዬ ላይ ጭረት ያየሁ ቀን ቁልፌን ታስረክበኛለህ» ብሎታል። ለማስፈራራት ብቻ ያለው አልነበረም። ከባሌ በፊት የነበረውን ሾፌር በተሰነጠቀች መስተዋት ምክንያት መንገድ ላይ አውርዶት እንደሄደ አገር ያውቃል። እኔ ገበያ ላይ ጌሾ እሸጥ ነበር፤ የጌሾ ነገር ግን የበርበሬ መግዣ ነው። እንጀራችን ያ ቁልፍ ነበር።

ጃንሆይ በዙፋናቸው በነበሩበት ዘመን ነው። ፋሲካ አልፎ የግንቦት ልደታ እየተቃረበች፣ በአንድ የገበያ ቀን ባለ መኪናው ራሱ ከባሌ ጋር ሰቆጣ መጣ። እሱ ሒሳቡን ሊጨርስ ወደ ነጋዴዎቹ ቤት ሲገባ፣ ባሌ መኪናውን ወደ ገበያው አመጣ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ፍየል ተራው ዳር ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፣ መኪናውን እሱ ሥር አስጠጋው።

«ኧረ እሱ ፍየል ተራ ነው፤ ወዲያ አድርገው» አልኩት።

«ጎማው በፀሐይ ይቀልጥ እንዴ? እህል ቀምሼ አነሳዋለሁ» አለና መጥቶ ከጌሾዬ አጠገብ ተቀመጠ። ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ ነበር የሚበላው። እኔ ፊቴ ወደዚያው ነው።

ከዛፉ ሥር፣ ካስማ ላይ፣ አንድ ቀይ ወጠጤ ታስሮ ነበር። እንዴት ያለ ወጠጤ መሰላችሁ! ቀንዱ እንደ ጎራዴ ወደ ኋላ የተጠማዘዘ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ። ገመዱ እስከፈቀደለት ወደ መኪናው ጠጋ አለ። መብራቱን አየ። መብራቱ ውስጥ ሌላ ቀይ ወጠጤ አለ። ቀና ሲል ያኛውም ቀና አለ። እግሩን ሲመታ ያኛውም መታ። እኔ እየሳቅሁ፣ «ዞር በልና ጉድ እይ» ልለው አፌን ስከፍት፣ ወጠጤው ወደ ኋላ ሸሸ፣ በኋላ እግሩ ቆመ፣ ከዚያ ወረደበት።

ድምፁ ገበያውን ጸጥ አሰኘው። ባሌ ጉርሻውን ጣለና ሮጠ። መብራቱ ብትንትኑ ወጥቷል፤ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎም በግንባሩ ልክ ጎድጉዷል። ባሌ ፊቱ አመድ መሰለ። ጎንበስ ብሎ የመስተዋቱን ስብርባሪ ሊገጣጥም ይሞክራል፣ ይተወዋል፣ ደግሞ ይሞክራል።

«የማን ፍየል ነው?» አለ። «የማን ነው እኮ!»

የፍየሉ ባለቤት ጨው ከሚገዙበት ብቅ አሉ። ከሰቆጣ በታች ካለው ቆላ፣ ከዝቋላ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጭን፣ ዱላቸው ከእሳቸው የሚወፍር። አማርኛቸው ደህና ነው፤ ሲናደዱ ግን ወደ አገራቸው ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ ይገባሉ።

«የእኔ ነው» አሉ።

«እንግዲያው አባቴ፣ መብራቴን ሰብሯል። ወይ ይክፈሉኝ ወይ ወጠጤውን ያስረክቡኝ። ጌታዬ ሳይመጣ!»

ሽማግሌው መሬት ላይ አንድ ነገር አይተዋል። ጎንበስ ብለው አነሡት። የወጠጤው ቀንድ ነው። አንዱ ቀንድ ከመካከሉ ተሰብሮ ወድቋል፣ ከጉቶው ደም ይወርዳል።

«ቀዩ ወጠጤዬ...» አሉ፣ ቀንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ልጄ ምጥ ይዟት ስትጨነቅ፣ በሰላም ገላግያት፣ ነውር የሌለበት ቀይ ወጠጤ ለልደታሽ አገባለሁ ብዬ የተሳልኩት ነው። ቤቴ ካለው ፍየል ሁሉ አንድ ቀይ ቢጠፋ እዚህ ድረስ መጥቼ ዛሬ ጠዋት አገኘሁት። ቀንደ ሰባራ ይዤ እመቤቴ ደጅ ልቁም? ከፋዩ አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም!»

ተመልካቹ ከበበ። አንዱ፣ «ፍየል መኪና ከሰሰ» ብሎ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። የጋቢያቸውን ጫፍ ሳቡና ከመኪናው የፊት ብረት ጋር ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት።

«በሕግ አምላክ! ይህ መኪና ሳይፈረድ ንቅንቅ እንዳይል!»

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን ቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቆሙ አብረው ይውሉ ነበር፣ ቁራኛ ይባላል። ቀርቷል ሲባል ሰምተናል። ቢቀርም ባይቀርም፣ በሕግ አምላክ ተብሎ የተቋጠረን ልብስ ደፍሮ የሚፈታ በዚያ ገበያ አልነበረም። ባሌም እጁን ሰደድ አደረገና መለሰው።

ሦስት የአገር ሽማግሎች ነገሩን ሊዳኙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ መካከለኛው የደብሩ መሪጌታ ናቸው። ክርክሩ ሳይጀመር ባለ መኪናው ሰዉን እየገፋ ደረሰ። መብራቱን አየ። ፓራፋንጎውን በጣቱ ዳሰሰ። ባሌን ግን አላየውም። ቀና ብሎ ያየው ሰማዩን ነው፤ በኮረም በኩል ተራራው ጠቁሯል።

«ያ ወንዝ ከሞላ እዚህ ማደራችን ነው። ማሩ ይጠበቅብኛል» አለ። «ቶሎ በሉ። ፍየሉን ውሰድና እንሂድ።»

«ጋቢዬስ?» አሉ የዝቋላው አባት።

«ፍቱታ!»

«እርስዎ ይፍቱት እስቲ።»

ባለ መኪናው ቋጠሮውን አየ፣ ሰዉን አየ። ነጋዴ ነው፣ የአገሩን ነገር ያውቃል። አልነካውም። ወደ ባሌ ዞረና ቀስ ብሎ፣ «ያልኩህን ታውቃለህ» አለው። እኔም ሰማሁት።

መሪጌታው ጠየቁ፦ «ማን ቀድሞ ቦታውን ያዘ? ነገሩ ይኼው ነው። ወጠጤው የሰው ማሳ ገብቶ እንዳጠፋ ከሆነ ባለ ፍየል ይከፍላል። የታሰረ ከብት ካለበት መጥቶ የቆመ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የመጪው ነው።»

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «መኪናዬ ቆሞ ሳለ ነው አምጥተው ያሰሩት» አለ።

ባሌ ውሸታም ሰው አልነበረም። ያን ቀን ያናገረው ያ ቁልፍ ነው።

«ምስክር አለህ?» አሉት።

እሱ ሳይመልስ የዝቋላው አባት ዱላቸውን ወደ እኔ አነሡ። «እኔ አለኝ። እቺ ጌሾ ሻጭ። ወጠጤዬን ሳስር፣ አደራ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት ብያታለሁ።»

«ሚስቱ እኮ ናት!» አለ ከሰዉ መካከል አንዱ።

ሽማግሌው ደንገጥ አሉ። አያውቁም ነበር። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያ ይበልጥ ትሻለኛለች» አሉ። «የገዛ ሚስቱን ምስክር ቆጥሬበታለሁ። መቼስ ከዚህ ወዲያ የሚታመን ምስክር ይገኝ ይሆን?»

ባለ መኪናው ፈገግ አለ። ሚስት በባሏ ላይ ትመሰክራለች ብሎ ማን ያስባል።

«ነይ ልጄ» አሉኝ መሪጌታው። «ፊትሽን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሪና ያየሽውን ተናገሪ።»

ቆምኩ። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። ባሌ ዓይኔን ይፈልጋል። ዓይኑ ላይ ልመናም አለ፣ እፍረትም አለ። አንዲት ቃል ብቻ ናት የምትፈለገው፤ «መኪናው» ብል እንጀራችን ይተርፋል፣ ሽማግሌው ቀንደ ሰባራቸውንም ተነጥቀው ባዶ እጃቸውን ዝቋላ ይወርዳሉ። «ወጠጤው» ብል ቁልፉ ዛሬውኑ ይሄዳል። ዞር ስል የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ታየኝ። እኔም ወልጃለሁ። ምጥ ላይ ሆኜ ማንን እንደጠራሁ አውቃለሁ።

«ወጠጤው ቀድሞ ታስሮ ነበር» አልኩ። «መኪናው ኋላ መጣ። ፍየል ተራ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ፣ ለጥላው ብሎ አቆመው።»

ባሌ መሬት መሬት አየ። ባለ መኪናው ፈገግታው የት እንደገባ እንጃ።

ሽማግሎቹ ጎን ለጎን ተንሾካሾኩ። ፍርዱ አልዘገየም፦ መብራቱ ባለ ፍየሉ የማይጠየቅበት፣ የባለ መኪናው ጉዳት ነው። ለወጠጤው ደግሞ ባለ መኪናው ካሣ ይክፈል፣ ነውር የሌለበት ቀይ ወጠጤ፣ ከልደታ በፊት።

«ብር ልስጥዎትና ይፍቱኝ» አለ ባለ መኪናው፣ ኪሱ እየገባ።

«ብር ለልደታ አይታረድም።»

ፍየል ተራውን ዓይን ሁሉ ዞረው። ዝናቡን የፈራ ሰው ከብቱን እየነዳ ተበትኗል፤ የቀሩት ጥቋቁርና ዥንጉርጉር ናቸው። ከተራራው ነጎድጓድ ተሰማ።

ባለ መኪናው ፍርዱን እንደሰማ እጁን ወደ ባሌ ዘርግቶ ነበር። «ቁልፌን።» ባሌ አወጣና መዳፉ ላይ አኖረለት። ያን ጊዜ እኔን አላየኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲህ ወጠጤውን ልኬ አስመጣለሁ፤ ጋቢዎን ይፍቱ» አለ ባለ መኪናው።

«ዋስ ይጥሩ» አሉ መሪጌታው።

«ምን?»

«አገርዎ ወልድያ ነው። ዛሬ ሄደው ቢቀሩ እኚህ ሰው ማንን ይይዛሉ? የዚህን አገር ሰው ዋስ ይጥሩና ቋጠሮው ይፈታል።»

ባለ መኪናው ወደሚነግዳቸው ሰዎች ዞረ። አንዱ ጫማውን ያስራል። አንዱ፣ «እኔ እንኳ ላስታ ልሄድ ነው» አለ። ሌላው የሚጠራው ሰው ያለ ይመስል ወደ ኋላው አየ። የሩቅ ሰው ዋስ ሆኖ ቀይ ወጠጤ ፍለጋ መንከራተት ማን ይወዳል? ነጎድጓዱ ደገመ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አቧራውን መቱት። ባለ መኪናው ቢቸግረው ዓይኑ ባሌ ላይ አረፈ።

«አንተ ሁነኝ» አለው።

«እኔ እኮ ጌታዬ፣ አሁን የእርስዎ ሰው አይደለሁም» አለ ባሌ።

«እሱን እቀበላለሁ!» አሉ የዝቋላው አባት ቀልጠፍ ብለው። «ጎጆው እዚህ ነው። ደግሞ እሱ ቢደበቅ ሚስቱን እጠይቃታለሁ፤ የት እንዳለ ትነግረኛለች!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ባሌ ብቻ አልሳቀም። በዝናቡ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ዋስ እሆናለሁ» አለ። «ግን እግረኛ ዋስ ምን ያደርጋል? ቀይ ወጠጤ ገበያ ለገበያ ዞሮ መፈለግ ነው፣ ልደታ ደርሳለች። በምን ሄጄ በምን አመጣዋለሁ?»

ባለ መኪናው መዳፉ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አየ። ተራራውን አየ። «እንካ!» አለና ወረወረለት። ባሌ አየር ላይ ቀለበው። ሽማግሌው ቋጠሮውን በጥርሳቸው ጭምር ፈቱ፣ ጠብቆ ነበር። መኪናው በአንድ ዓይኑ እያበራ በዝናቡ ውስጥ ወረደ። ወንዙን ቀድመው መሻገራቸውን የሰማሁት በማግስቱ ከመንገደኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። ዋስትናው ወጠጤው እስኪደርስ ድረስ ነው። ሽማግሌው ፍየሉን የተረከቡ ቀን ባሌም ይለቀቃል፤ ከዋስትናውም፣ ከመኪናውም። ማታ ማታ፣ ቀይ ወጠጤ ከዓለም በጠፋ እላለሁ፣ ደግሞ ስለቱን ሳስብ አፌን እይዛለሁ። ባሌ አላዘገየም። የልደታ ዋዜማ ገበያ ላይ መኪናው መጣ፣ ከኋላ ቀይ ወጠጤ ታስሮበታል። ባለ መኪናውም ከፊት ወንበር ላይ ነበር። ጌሾዬን ትቼ ተነሣሁ።

የዝቋላው አባት ቀንዱን ለኩ፣ ጆሮውን ገለጡ፣ አፉን ከፈቱ፣ እግሩን አንድ በአንድ አነሡ። በመጨረሻ፣ «ረክቻለሁ» አሉ። ገመዱን ያዙና፣ ሲያልፉ በዱላቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ሄዱ።

ባሌ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ሳይጠየቅ እጁን ወደ ባለ መኪናው ዘረጋ። ባለ መኪናው ቁልፉን አየው። ከዚያ ቆዳ ወደሚጭኑት ሰዎች ዞሮ፣ «ጎኑን አስተካክሉ እንጂ፣ ገደል ልትከቱኝ ነው?» ብሎ ጮኸና እነሱን ሊቆጣጠር ሄደ።

ባሌ እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ። ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ምን ላድርገው እንግዲህ?» አለኝ።

«ኪስህ ክተተው» አልኩት።