በቀን አንድ ሚሊ ሜትር

እጄ የተቆረጠው በሥራዬ ላይ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልገረመኝ። ሃያ ዓመት ገደማ ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ፤ መቀስና መርፌ፣ ምላጭና የጋለ ካውያ ከእጄ ተለይተው አያውቁም። የተቆረጥኩት ግን ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ ባዶ የመስታወት ጠርሙስ ይዤ ከደረጃ ስወርድ ነው። ዘንቦ ነበር። አዳለጠኝና ወደቅሁ፤ ጠርሙሱ ከሥሬ ተሰበረ፤ አንዱ ስባሪ የቀኝ እጄን አንጓ በመዳፌ በኩል ሰነጠቀው።

ባለቤቴ ደረቅ ወደቡ ውስጥ ነው የሚሠራው። እሑድ ስለነበር ቤት ውሏል። እጄን በፎጣ ጠምጥሞ፣ ከፍ አድርጎ እንደያዘልኝ በኮንትራት መኪና የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ይዘን ወደ ደሴ ወጣን። ደሙን ብዙም ልብ አላልኩትም። የማየው አውራ ጣቴን ነበር።

“አይሰማኝም” እለዋለሁ። “እየነካሁት አይሰማኝም።”

“አብሽሪ” ይለኛል። ፎጣውን ጠበቅ ያደርገዋል።

የሰፋኝ ሐኪም በማግስቱ አልጋዬ አጠገብ መጥቶ፣ ሁለት ጅማትና አንድ ትልቅ ነርቭ ተቆርጦብኝ እንደነበር፣ ሁሉንም እንደሰፋልኝ ነገረኝ።

“ነርቭ በምን ክር ይሰፋል?” አልኩት።

ሳቀ። “ሥራሽ ምንድን ነው?”

“ልብስ ሰፊ ነኝ።”

“አሃ! ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው፤ በማጉያ መነጽር እያየሁ ነው የሰፋሁት። እኔ ግን ጫፍና ጫፉን አገናኘሁ እንጂ ሌላ አልሠራሁም። የቀረውን ራሱ ነው የሚሠራው።”

የመጨረሻዋን ነገር ያኔ ልብ አላልኳትም። እኔ የማውቀው የተሰፋ ነገር የዚያኑ ቀን ተለብሶ የሚወጣ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ጀሶው ሲፈታልኝ ጣቶቼ እንደምንም ታጠፉ። ባለቤቴ ደስ ብሎት “ይኸው!” አለ። እኔ ግን አውራ ጣቴን፣ ሌባ ጣቴንና የመሐል ጣቴን በግራ እጄ ስነካቸው የሌላ ሰው ጣት የነካሁ መሰለኝ። በእነዚህ ሦስት ጣቶች ነበር የምኖረው። ደንበኛ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ ሳላየው በሁለት ጣቴ አሽቼ ጥጥ መሆኑን፣ ከሰው ሠራሽ ክር ጋር ቅልቅል መሆኑን፣ ሲታጠብ ገብቶ ማጠር አለማጠሩን እነግራታለሁ። የጨርቁን ፊትና ጀርባ የማውቀው በጣቴ ነው። አሁን ሐሩም ጆንያውም አንድ ሆነብኝ። ሱቄን ዘጋሁ።

ሐኪሙ ደሴ ወደሚገኝ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ እየወጣሁ መሄድ ጀመርኩ። የጦሳን ተራራ ፊት ለፊት የምታይ ሁለት አልጋ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ባለሙያዋ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ነበረች። መጀመሪያ ቀን ሌላው ታካሚ ሁሉ የሚጠይቃትን ጠየቅኳት፤ መቼ ነው የሚድነው? መልስ በመስጠት ፈንታ ከኋላዬ ዞራ አንገቴን ከአጥንቱ ጎን በጣቷ ነካችኝ።

“ጣትሽ የሚሰማው እዚህ ባሉት ሴሎች ነው” አለችኝ።

“አንገቴ ላይ?”

“ነርቭ አንድ ሽቦ አይምሰልሽ። ውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ክሮች አሉ። እያንዳንዱ ክር የአንድ ሕያው ሴል ክንድ ነው። ሴሉ እዚህ አንገትሽ ጎን ተቀምጦ፣ ክንዱን እስከ ጣትሽ ጫፍ ድረስ ዘርግቶ ይኖራል። በዓይን የማይታይ ሴል ነው፤ ክንዱ ግን ያንቺን ክንድ ያህላል።”

ከአንገቴ እስከ ጣቴ ያለውን ርቀት በዓይኔ ለካሁት። እጅጌ ስቆርጥ ስንት ሺህ ጊዜ ለክቼዋለሁ!

“ጨርቅ ስትነኪ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ” አለች። እስኪርቢቶዋን ክንዴ ላይ እየጎተተች ነበር የምታስረዳኝ። “ጣትሽ ላይ ያለው ጫፍ ይነቃል። የክሩ ገጽ ላይ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ። ይከፈቱና ከውጭ ያለው ጨው ወደ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ነው ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው። አንዱ በር ሲከፈት ቀጥሎ ያለውን ያስከፍታል፤ እንዲህ እያለ ዓይንሽን ከድነሽ እስክትገልጪ አንገትሽ ይደርሳል። ከዚያ ህብለ ሰረሰርሽን ይዞ ወደ አንጎልሽ ይወጣል። እዚያ ለሌላ ሴል ያስረክባል። የሚገርምሽ ግን ሁለቱ አይነካኩም።”

“ታዲያ እንዴት ያስረክባል?”

“መሐላቸው ክፍተት አለ። ይሄኛው ጥቂት ኬሚካል ጠብ ያደርጋል፤ ያኛው ይቀበላል፤ ተቀብሎ ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሰዋል።”

“ሻካራና ለስላሳውንስ በምን ይለየዋል?”

“ሥራ ተከፋፍለዋል። ንዝረት የሚያወራ አለ፣ ጫና የሚያወራ አለ፣ ሙቀት የሚያወራ አለ። ምልክቱ ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ አይጮህም፣ አያንሾካሹክም። ጠበቅ አድርገሽ ስትነኪ ቶሎ ቶሎ ይልካል፣ ቀስ ስትዪ አልፎ አልፎ።”

ያን ቀን ሕመሜን ረስቼ ዋልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዎች “እጅሽ ይባረክ” ሲሉኝ ምርቃቱን ብቻዬን ስወስድ ኖሬያለሁ። ለካ እጄ ውስጥ ይህ ሁሉ ሠራተኛ ነበር።

የተቆረጠው ክር ግን ከቁርጡ በታች ሞቷል አለችኝ። ሰውነቴ የሞተውን ጠርጎ አስወግዶ፣ ማቀፊያውን ቱቦ እንዳለ አስቀርቶታል። ከላይ የተረፈው ክር በዚያ ባዶ ቱቦ ውስጥ እያቆጠቆጠ ወደ ጣቶቼ ይወርዳል።

“በቀን ስንት ይሄዳል?”

“አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ።”

አንድ ሚሊ ሜትር በሜትሬ ላይ ያለችው ትንሿ መስመር ናት። ጨርቅ ስቆርጥ ከቁም ነገር ቆጥሬያት አላውቅም።

ነርቩ የት እንደደረሰ ማወቂያ ነበራት። ከአንጓዬ ጀምራ በጣቷ ጫፍ መዳፌን መታ መታ ታደርጋለች። ነርቩ የደረሰበት ቦታ ላይ ስትመታ ወደ ጣቶቼ ንዝር ይለኛል፤ ከዚያ አልፋ ስትመታ ምንም የለም። እዚያ ላይ በእስኪርቢቶ ትንሽ መስመር ታሰምርልኛለች። መጀመሪያ የጠባሳዬ ጥግ ላይ ነበረ። ለሁለት ሳምንት የተነቃነቀ አልመሰለኝም።

ሱቄን የዘጋሁ ሰሞን እጄ እንዳይሰንፍ ብዬ የባለቤቴን ሸሚዝ ልተኩስ ተነሣሁ። ጨረስኩና ካውያውን ሳስቀምጥ አንድ ሽታ ሸተተኝ። ጨርቅ አይደለም። ሌባ ጣቴን ሳየው ከጎኑ ነጭ ሆኖ ተልጧል። ካውያው ላይ ተደግፎ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። አላመመኝም። አለማመሙ ነው ያስለቀሰኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ክፍሉ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የቆሰለውን ጣቴን አተኩረው አዩት። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። የእጆቻቸው ጣቶች አጠር አጠር ብለው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል።

“ልጄ፣ ሲያቃጥልሽ አላወቅሽም አይደል?” አሉኝ።

“እንዴት አወቁ አባባ?”

“ያወቀ ሰውማ እጁን ይነጥቃል። እንዲህ ያለ ቁስል እጁ ተደላድሎ የቆየ ሰው ቁስል ነው።”

የቦሩ ሜዳ ገበሬ ናቸው። በወጣትነታቸው ሥጋ ደዌ ይዟቸው ነበር። ታክመው ከበሽታው ከዳኑ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ነገር ግን በሽታው ሳይታከም በቆየበት ጊዜ የእጅና የእግራቸውን ነርቭ ጎድቶት ነበር። አሁን የሚመጡት ጫማ በልቷቸው ሳይታወቃቸው ለቆሰለ እግራቸው ነው።

“እኔ አርባ ዓመት ከዚህ እጅ ጋር ኖሬያለሁ” አሉኝ። “አርሼበታለሁ፣ አጭጄበታለሁ፣ ልጅ አሳድጌበታለሁ። የማይነግርሽን እጅ ማየት አለብሽ። ለሶላት ውዱእ ባደረግሁ ቁጥር ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ እግሬንም ገልብጬ አያለሁ። በቀን አምስት ጊዜ። እሳት ስትነኪ ደግሞ መጀመሪያ ደህናውን እጅሽን ላኪው።”

አፈርኩ። እኔም በቀን አምስት ጊዜ እጄን እታጠባለሁ፤ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማየት ያዝኩ። ዳግመኛም አልተቃጠልኩም።

ቀጠሯችን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ይውል ነበርና እየተላመድን ሄድን። ሁለት ወር አልፎ መስመሩ ከጠባሳዬ ተነሥቶ መዳፌ መሐል ገባ። ባለሙያዋ መታ ስታደርገኝ “እዚህ!” ብዬ ጮህኩ። ስወጣ ደስታዬ ፊቴ ላይ ነበር መሰለኝ፣ ሽማግሌው ገና ሳልቀመጥ “ወረደ?” አሉኝ።

“ወርዷል አባባ” አልኳቸውና ወዲያው ጸጸተኝ። የእሳቸው ነርቭ እንደማይመለስ አውቃለሁ። በሳቸው ፊት እንዲህ መደሰቴ ነውር መሰለኝ። እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩ።

“ለምን ትደብቂዋለሽ? አሳዪኝ እንጂ።”

“ለእርስዎም ቢሆንልዎ ብዬ ነው…”

“ያኔ ያመመኝ ነገር ቱቦውንም ጭምር አበላሽቶታል ትላለች ይቺ የምታክመን ልጅ። የኔው መንገድ የለውም። ያንቺው መንገድ አለው።” መዳፌን በሁለት እጃቸው ያዙና መስመሮቹን በዓይናቸው እየቆጠሩ አዩ። “ማሻአላህ! ይኼ ሁሉ በጨለማ ነው የተጓዘው እኮ። በይ ንገሪኝ፣ ሲመጣ ምን ይመስላል?”

“ውርር ይላል አባባ። እግር ደንዝዞ ሲፈታ እንዳለው።”

ዓይናቸውን ጨፈኑ። “አዎ… አዎ፤ ትዝ ይለኛል” አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከክፍሉ በወጣሁ ቁጥር መዳፌን ዘርግቼ አሳያቸዋለሁ። ከዘመዶቼ ሁሉ የእሳቸውን ያህል የተከታተለኝ የለም።

ሰባት ወር አልፎ ንዝሩ ጣቶቼ ጫፍ ሲደርስ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። ዓይኔን ጨፍኜ ሌባ ጣቴን ስትነካኝ “የመሐል ጣቴን” አልኳት። አውራ ጣቴን ስትነካ ሌባ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ሐኪሙ ነርቩን አሳስቶ የሰፋው መስሎኝ ደነገጥኩ።

“የማንም ጥፋት አይደለም” አለችኝ። “በሺዎች የሚቆጠር ክር ሲወርድ አንዳንዱ የጎረቤቱ ቱቦ ውስጥ ይገባል። አንጎልሽ ደግሞ በድሮው ያውቀዋል፤ ይህ ክር የመሐል ጣት ነው ብሎ ይዟል። አሁን አንጎልሽን ነው የምናስተምረው።”

“አንጎል በዚህ ዕድሜ ይማራል?”

“ደጋግመሽ ካስተማርሽው ይማራል። ሴሎቹ የሚያስረክቡበት ቦታ ሥራ ሲበዛበት ይጠነክራል፤ የማይሠራው ይደክማል።”

ቤቴ ውስጥ ትምህርት ተጀመረ። ባለቤቴ ከሥራ መጥቶ ራቱን እንደበላ ቅራጭ ጨርቅ ከፎጣ ሥር ያስቀምጥልኛል። ዓይኔን ጨፍኜ አሻለሁ፣ እገምታለሁ፣ ገልጬ አያለሁ፣ እያየሁ እንደገና አሻለሁ፣ ጨፍኜ ደግሞ አሻለሁ።

“ሱፍ።”

“ገበር ነው።”

“ጥጥ!”

“ገበር ነው አልኩሽ፤ አልቀየርኩትም።”

የሳቅንባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ፎጣውን ወርውሬ የተነሣሁባቸውም ነበሩ። መጀመሪያ የተመለሰልኝ ሻካራው ነው፤ ጂንስ ጨርቅ። ከዚያ የሸሚዝ ቁልፍ ክብነት። አንድ ከሰዓት በኋላ ለብቻዬ ተቀምጬ የጥጥና የቅልቅል ቅራጭ አሽቼ ልዩነቱ ሲገባኝ፣ በርግጥ ገብቶኝ እንደሆነ ለማጣራት አሥር ጊዜ ደጋገምኩት።

የመጨረሻው ቀጠሮዬ ዕለት ባለሙያዋ ፈተና አዘጋጅታልኝ ነበር። ሽማግሌው በሩ ላይ ሆነው “እኔ ላቅርብላት” አሉ። ተፈቀደላቸውና ገቡ። ዓይኔን በመሐረብ አሰረችኝ። እሳቸው ጨርቁን በታጠፉ ጣቶቻቸው መሐል ቆንጥጠው አንድ በአንድ እጄ ላይ ያኖሩታል። እሳቸው በዓይናቸው፣ እኔ በጣቴ።

“ጥጥ። ቅልቅል። ሱፍ። ይኼ… ሐር።”

“አይደለም!” አሉ ሽማግሌው፣ ሳቃቸው እያመለጣቸው። “የልጄ ሚስት የዒድ ቀሚስ ይኼው ነው፤ ሐር አይደለም።”

መሐረቡን አወለቅሁ። ሳቲን ነበር። ባለሙያዋ “ይሄንንማ እኔም በዓይኔ አልለየውም” ብላ ሕክምናዬ ማብቃቱን ወረቀቴ ላይ ጻፈች፤ ፈረመችም።

ሱቄን ከፈትኩ። የአውራ ጣቴ ጫፍ እስከ ዛሬ ድረስ ስስ ጨርቅ የለበሰ ያህል ድፍን ይላል፤ ብርድ ሲሆን ከሌሎቹ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። የቁልፍ ቀዳዳ ስሠራ ዓይኔን አልነቅልም። የሽማግሌው እግር ቁስል ድኗል፤ ለገበያ ደሴ ሲወጡ ይደውሉልኛል። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለ ጣቴ ነው፤ ዛሬ ምን ምን እንደነካሁ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ ሳያቋርጡኝ ያዳምጡኛል።