ሐጂ በውጭው በር የመጡ ዕለት

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የግቢያችን የቆርቆሮ በር በከዘራ ተንኳኳ። ዛሬም ኮምቦልቻ በተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብዬ፣ ሰው የጎረቤት በር በዱላ ሲመታ ስሰማ፣ ልቤ መጀመሪያ ደሴ፣ ወደዚያ ቅዳሜ ይሄዳል። በሩ የኛ እንዳልሆነ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ስከፍት ሐጂ ናቸው። ገረመኝ። የሐጂ ግቢና የኛ ግቢ በጓሮ በኩል በአንዲት ጠባብ በር ይገናኛሉ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እሳቸው የሚመጡት በእሷ ነበር፤ ሳያንኳኩ፣ ጉሮሯቸውን ብቻ ጠርገው። የዚያን ዕለት ግን በመንገዱ ዞረው፣ የክረምቱን ጭቃ እየመረጡ፣ ለጁምዓ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ነበር የመጡት።

«በጓሮ ቢመጡ ምን ነበረበት ሐጂ፣ በዚህ ጭቃ?» አልኳቸው።

«የዛሬው ጉዳይ በጓሮ አይገባም» አሉኝ።

አባቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሰፈሩ ጴንጤ እኛ ብቻ ነበርን፤ ሐጂም በዚህ ሲቀልዱበት ነው የኖሩት። «እናንተ መዘመር ስትጀምሩ ዶሮዎቼ እንቁላል አቆሙ» ይሉታል። እሱም «ዶሮዎችዎ ጌታን ሊቀበሉ ነዋ!» ይላቸዋል። የዚያን ዕለትም ኮቱን አይቶ «ምነው ሐጂ፣ ሊያገቡ ነው እንዴ?» አላቸው። አልሳቁም። የቀረበላቸው ወንበር ላይም አልተቀመጡም።

«ቤቴን ልሸጥ ነው» አሉ። «ገዢው የውጭ አገር ሰው ነው። ወሰንተኛዬ ግን አንተ ነህ፤ ቅድሚያው ያንተ ሐቅ ነው። ትገዛለህ ወይስ ትለቃለህ?»

ይህን ነገር የሰፈራችን ሙስሊሞች ሹፍዓ ይሉታል። ቤት የሚሸጥ ሰው ለሌላ ከመስጠቱ በፊት አጥር የሚጋራውን ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤቱ ወይ ይገዛል፣ ወይ መልቀቁን ይናገራል። ሐጂ ዘንድ ደግሞ ዝምታ መልስ አልነበረም፤ ቃሉ ካፍ መውጣት ነበረበት። አባቴ ያንን ፎቅ ሊገዛ እንደማይችል ሐጂም ያውቃሉ፣ አባቴም ያውቃል፣ ዶሮዎቹም ሳያውቁ አይቀሩም። ስለዚህ የሚጠበቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር። አባቴ ግን በእጁ የነበረውን መፍቻ መሬት አስቀመጠና፣

«እስከ ነገ ይታገሡኝ» አለ።

ስለ ፎቁ ልንገራችሁ። የሐጂ አባት ከአንድ የመናዊ አናጢ ጋር ያሠሩት ነው ይባላል። ታቹ የጨርቅ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ፤ ከፊት ለፊቱ ገበያተኛው ከዝናብ የሚጠለልበት የእንጨት ሰገነት አለው። የላይኛው ወለል ጣውላ በእርጅና ተፈልቅቆ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ሰው ሲያየኝ ምላሴ የሚታሰር ዓይነት ነበርኩ። ትምህርት ቤት አስተማሪ ስሜን ሲጠራ እንኳ ድምፄ አይወጣም ነበር። ከትምህርት ስመለስ ቦርሳዬን ጥዬ በጓሮ በኩል ወደዚያ ፎቅ እሮጣለሁ። ጣውላው ላይ በሆዴ ተኝቼ በስንጥቁ ወደ ሱቁ ቁልቁል አያለሁ። አዲስ የአቡጀዲ ሽታ ከሳሙና ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ላይ ይመጣል፤ ከታች የሚገባው ብርሃን ፊቴ ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል። ሻሽና ኮፍያ ብቻ እያየሁ ማን እንደመጣ እገምታለሁ። የሐጂ ባለቤት፣ አላህ ይማራቸው፣ አንድም ቀን «ምን ትሠሪያለሽ?» ብለውኝ አያውቁም። አልፈውኝ ሲሄዱ ነጠላቸውን ጣል ያደርጉብኝ ነበር፤ የደሴ ብርድ በጣውላ ውስጥ ይገባል ብለው።

ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ሐጂ ብቻቸውን ቀሩ። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ አለ። ልጃቸው «ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ እኔ ጋ ይምጡ» እያለች ትለምናቸው ነበር። የውጭ ዜጋ ቤት መግዛት ይችላል የተባለ ሰሞን ነው ደላላው ፈረንጁን ይዞ የመጣው።

ከአባቴ ዘንድ እንደወጡ ሐጂ ዘወር ብለው አዩኝ። «ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ለዚህ ቀን ነው። ነይ፣ ለፈረንጁ ለምን እስከ ነገ እንደሚጠብቅ አስረጅልኝ።» ምላሴ ታሰረ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ሰውየው አይበላሽም» አሉኝ።

ፈረንጁ ሰገነቱ ላይ ቆሞ የመደገፊያውን እንጨት በመዳፉ ይዳስስ ነበር። ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። እንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው እንደሚፈልግ፣ አንድም ጣውላ እንደማያፈርስ ነገረኝ። ዓይኑን ሳላይ፣ ቃል እየመረጥኩ ሹፍዓን አስረዳሁት። ደላላው ክንዴን ጎተተኝ።

«እህቴ፣ በናትሽ ይሄን ተይው! ገበያ ታበላሺያለሽ። አባትሽ ሊገዛ ነው እንዴ?»

«አይገዛም።»

«ታዲያ ምን ይጠበቃል?»

ፈረንጁ ደግሞ ጎረቤቱ እምቢ ቢልስ ብሎ ጠየቀኝ። ለሐጂ ተረጎምኩላቸው።

«እምቢ ካለማ ወላሂ አልሸጥም» አሉ። ደላላው ራሱን ያዘ። ከእነዚያ ደረጃዎች ጋር ሌላ ክረምት እንደማይዘልቁ የሚያውቁት ሰውዬ ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ያኔ ነው የአባቴ አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ።

ማታ ራት ላይ እናቴ አላስቻላትም። «ሰውየው እኮ ጉልበታቸው አልቋል። ምን ያድርጉልህ? በል ልቀቅና ይረፉበት።»

አባቴ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። «ይቺን ቦታ ስንገዛ እኮ ወሰንተኛው እሳቸው ነበሩ። የሸጠልን ሰውዬ መጀመሪያ እሳቸውን ነው የጠየቀው። ዘመድ እንኳ ሃይማኖት ለወጣችሁ ብሎ በሩን ሲዘጋብን፣ እሳቸው ቦታውን ለልጃቸው ሊይዙት ሲችሉ፣ ወዲያው ነው ለቅቄያለሁ ያሉት።»

«ታዲያ አንተስ?»

«እሳቸው ጎረቤት ለማስገባት ነው ያሉት። እኔ ጎረቤት ለማስወጣት ነው የምለው።»

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ማናችንም ያን ራት አልጨረስነውም።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። አባቴ ለቤተ ክርስቲያን ለብሶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። «ሂጂና ለቅቋል በያቸው» አለኝ። «እሳቸው ፊት ከቆምኩ ሌላ ነገር ነው የምለው።»

እንዲህ ያለ መልእክት ይዤ ሄጄ አላውቅም። በመንገዱ ዞሬ፣ የሐጂን የውጭ በር አንኳኩቼ ገባሁ። ፈረንጁና ደላላው ቀድመውኝ ፎቁ ላይ ተቀምጠዋል። ሐጂ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጠብቁ ነበር።

«ሐጂ፣ አባቴ ለቅቄያለሁ ብሏል።»

ድምፄ ወጣ። ሁሉም ሰሙት።

«ራሱ ለምን አልመጣም?»

«አልቻለም።»

ከዘራውን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አቆሙትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልሐምዱሊላህ። ትናንት ወዲያው ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እስክሞት ቅር ይለኝ ነበር።»

ፈረንጁ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ጎረቤቱ ተስማምቷል አልኩት። የቀረውን አልተረጎምኩለትም።

ደላላው እጁን እያሻሸ ሲነሳ ሐጂ በመዳፋቸው መልሰው አስቀመጡት። «ቆይ አንተ፣ ቤቱ የትም አይሄድ። በይ ደግፊኝ ልጄ፣ አባትሽ ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ እንድረስበት» አሉኝ። ክንዴን ሰጠኋቸው። እግራቸውን አንድ በአንድ እያሳረፉ፣ መሐል ላይ ቆም ብለው ትንፋሽ እየሰበሰቡ፣ ቀስ ብለን ወረድን።