ሰንሰለቱ ትልቁ ጥርስ ላይ ነበር

ሳይክሌ ከፔዳሉ አጠገብ ሁለት ባለጥርስ ክቦች አሉት። እኛ ቤት ትልቁ ጥርስና ትንሹ ጥርስ እንላቸዋለን። ትንሹ ለዳገት ነው፣ ትልቁ ለሜዳ። ድሮ ሰንሰለቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውር የፊት ካምቢዮ ነበረው፤ ግን ስገዛውም የተጣመመ ስለነበር ሳይክል ጠጋኙ አንድ ቀን ነቅሎ ጣለልኝ።

«ከመንቀጫቀጭ በቀር ሥራ የለውም» አለኝ። «ጣት አለሽ አይደል?»

ጣትማ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት በጣቴ ሠራሁ። ከትልቁ ወደ ትንሹ ማውረድ ቀላል ነው፤ እየነዱ ሰንሰለቱን በተረከዝ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ማውጣት ግን ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሰንሰለቱን በሌባ ጣት አንስቶ ጥርሱ ላይ ማስነከስ ነው። ከዚያ ፔዳሉን በሌላው እጅ ቀስ አድርጎ ሲያዞሩት ራሱ ይወጣል። ግራሶው ጣት ላይ ይቀራል። የእኔ ሥራ ደግሞ ነጭ አንሶላ ማጠብ ነው። እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው እላለሁ።

የማጥበው ለአንድ እንግዳ ማረፊያ ነበር። ሰኞና ሐሙስ የታጠበውን አድርሼ ያደፈውን እወስዳለሁ። ቤታችን ከረጅም ዳገት ሥር ነው። ዳገቱን በትንሹ ጥርስ እወጣና ጫፉ ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ግድግዳ ጋ ከሳይክሉ ወርጄ ሰንሰለቱን ወደ ትልቁ አወጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማረፊያው ድረስ ሜዳ አስፋልት ነው። እዚያ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለው ቧንቧ ጣቴን በሳሙና ፈትጌ ሳልጨርስ የአንሶላውን ጥቅል አልፈታም።

የክፍሎቹን ኃላፊ እትዬ ቁልፍ እንላቸው ነበር፤ ወገባቸው ላይ በሚንሿሿው የቁልፍ ቀለበት ምክንያት። በር ላይ ቆመው «እስቲ ጣት» ይሉኛል። እኔም እንደ ተማሪ ዘርግቼ አሳያለሁ። ከዚያ እንስቃለን። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት አንሶላ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አልተገኘም። ሰው ምን አለሽ ቢለኝ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ በር ላይ ከመድረሴ በፊት ሰንሰለቱን በተረከዜ ወደ ትንሹ አወርደዋለሁ። ዳገቱ ከበራችን ስለሚጀምር ጠዋት ያን ሁሉ ጭነት ይዤ በትልቁ ጥርስ ልነሳ ብል ጉልበቴ አይችልም። አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም።

እህቴን ሚጣ እንላታለን። እናታችን ስታርፍ እሷ አራት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ስድስተኛ ክፍል። እኔ ደብተሬን ዘግቼ የሰው ልብስ ማጠብ ጀመርኩ፣ እሷ ተማረች። ዲፕሎማ አላት። የእጅ ጽሑፏ የሚያምር ነው፣ እንደታተመ ነው። ሥራ ግን አላገኘችምና ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። እንዳይከፋት ብዬ ሳይክል መንዳት አስተማርኳት፤ የሰንሰለቱንም ነገር አሳየኋት። ተጸይፋ በሁለት ጣቷ ጫፍ ያዘችው፣ የሞተች አይጥ የምታነሳ ይመስል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጭኜ ፔዳሉን ብረግጠው እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሰንሰለቱ ትልቁ ጥርስ ላይ ነው። ሚጣን ሳይክሉን ነክተሽው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ከስልኳ ቀና ሳትል «እኔ ሳይክልሽን ምን ላድርገው? መርሳት ጀመርሽ እንዴ እታለም?» አለችኝ። አክላም ሐኪም ብታዪ ጥሩ ነው አለችኝ። ስላሰበችልኝ አመሰገንኳት።

በሚቀጥለው ሰኞም ያው ሆነ። ያን ጠዋት ሻይ ስታቀብለኝ የሌባ ጣቷ ጥፍር ዙሪያውን ጥቁር ነበር። ያን ጥቁር አውቀዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ቢታጠብም ጥፍር ሥር ይቀራል። አየሁና አላየሁም አልኩ። ሻዬን ጠጥቼ ሰንሰለቱን ወደ ትንሹ አወረድኩና ሄድኩ።

እንግዳ ማረፊያው ስደርስ እትዬ ቁልፍ ጣቴን አልጠየቁኝም። ቁጭ በይ አሉኝ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ።

ቀስ ብዬ አነበብኩት። እኔ በሕመምና በድካም ምክንያት መቀጠል ስላልቻልኩ፣ በራሴ ፈቃድ ሥራውን ለእህቴ እንዳስረከብኩ ይላል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እህቴ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካላት ጓደኛዋ ጋር ሆና ትሠራለች ይላል። ጽሑፉ እንደታተመ ነው። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። የመጀመሪያዋን ፊደል አንገቷን ጠመም የማደርጋትን ሳይቀር ጠምማታለች። ከእኔ አሳምራ ፈርማለች።

ሚጣ ሁለት ጊዜ፣ እኔ ጓሮ ሳጥብ በምውልባቸው ቀናት፣ በሳይክሌ እንደመጣች እትዬ ቁልፍ ነገሩኝ። «እስቲ ጣት ብያት ጣቷ ጥቁር ሆኖ አገኘሁት፤ እውነትም የእህቷ እህት ነች ብዬ ሳቅሁ» አሉ። «አንቺ የላክሻት መስሎኝ እኮ ነው። ዛሬ ስትመጪ ግን የማታውቂ መሰልሽኝ።»

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላቸው።

«ሥራ አስኪያጁ እዚሁ ነው፤ ገብቼ ውሸት ነው ልበለው?» አሉኝ። «አንድ ቃል ይበቃል። ግን ፊርማ ማስመሰል ነው፣ ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ንገሪኝ፣ ፊርማው የማነው?»

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ጣቴን ገና አልታጠብኩም ነበር። ያችን የአራት ዓመት ልጅ አሰብኳት፤ ዘጠኙን ዓመትም አሰብኩት።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ጣቴን በሳሙና ፈትጌ የያዝኩትን አንሶላ ቆጥሬ አስረከብኩ። ያደፈ አልወሰድኩም።

ቤት ስገባ ሚጣ ልብስ ታጣጥፋለች። እጅሽን አሳዪኝ አልኳት። ታጥባው ስለነበር ሳትፈራ ዘረጋችልኝ።

«ስትመለሺ ሰንሰለቱን ወደ ትንሹ ማውረድ ነበረብሽ» አልኳት። «እሱን አላስተማርኩሽም።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ላሳርፍሽ ብዬ ነው እኮ እታለም» አለች።

«አረፍኩ» አልኳት።

በማግስቱ ሳይክሉን ወደ ጠጋኙ ወስጄ ትልቁን ጥርስ ፍታልኝ አልኩት። አብደሻል አለኝ። «ሜዳ ላይ ፔዳል እንደ ልብስ ስፌት መኪና ስትረግጪ ልትውዪ ነው።»

«ሜዳ ላይ ሥራ የለኝም» አልኩት።

ፈታልኝ፤ የረዘመውን ሰንሰለትም ቆርጦ አሳጠረልኝ። አሁን ዳገቱ ላይ ካሉት ቤቶች ልብስ እየሰበሰብኩ አጥባለሁ፤ ትንሹ ጥርስ ብቻ ይበቃኛል። ጣቴ ነጥቷል። አንዳንዴ ሳየው የሌላ ሰው ጣት ይመስለኛል።

ትልቁን ጥርስ መጣሉ አሳዝኖኝ ግራሶውን አጥቤ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ሚጣ ከሥራ ስትመለስ ትኩስ ድስት ታስቀምጥበታለች። ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።