ንፋስ የማያጠፋው ባትሪ

ባትሪውን ያመጣልኝ የባለቤቴ ወንድም ነው። በአዲስ አበባና በደሴ መካከል የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሸዋሮቢት ሲደርስ ምሳውን እኛ ቤት ይበላል። ያን ቀን እጁን ከመታጠቡ በፊት ከደረት ኪሱ አንድ ጥቁር ነገር አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ከሌባ ጣቴ አይረዝምም፤ ለመጠኑ ግን ይከብዳል። ጎኑ ላይ እንደ እስክሪብቶ ማንጠልጠያ አለው። ጭራው ማግኔት ስለሆነ የብረት በራችን ላይ ሳስጠጋው ከእጄ ተነጥቆ ተጣበቀ።

«ይሄን ከኪስህ እንዳትለየው» አለኝ። «ውሃ አይገባው፣ ቢወድቅ አይሰበር፣ ንፋስ አያጠፋው። መንገድ ላይ ስንቴ ከጉድ አውጥቶኛል መሰለህ!»

እስከዚያ ድረስ የማውቀው ባትሪ ሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚጎርሰውን፣ ሲበራ ቢጫ፣ ሲደክም ቀይ የሚሆነውን ቆርቆሮ ነበር። ይሄኛው በስልክ ቻርጀር ይሞላል። ቁልፉን አንዴ ሲጫኑት ለመጽሐፍ የሚበቃ፣ ሁለቴ ሲጫኑት ክፍሉን የሚሞላ፣ ሦስተኛው ላይ ግን ዓይን የሚያሳውር ነጭ ብርሃን ይወጣዋል። ሦስተኛውን ሳላውቅ ወደ ባለቤቴ አዙሬው ኖሮ «ዓይኔን!» ብላ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጨለማ ፍለጋ ስዞር ዋልኩ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ከጆንያዎቹ ሥር፣ ከጣሪያውና ከግድግዳው መጋጠሚያ። እዚያ ላይ ዋናውን ማገር ምስጥ ውስጥ ውስጡን ጨርሶት አየሁ። በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ በሶ ፈረሰ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ቀና ብላ አየችና «ሳናየው ሰላም አልነበርንም?» አለችኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያች ትንሽ ነገር ከዚህ ወዲያ ምንም የሚያመልጠኝ አልመሰለኝም።

የሳይንስ መምህር ነኝ። ከማስተማሩ ጎን ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ገበሬ ጋር በሽርክና ሽንኩርት አለማለሁ። ሰውየው ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ሳቂታ፣ ጉልበቱን የማይቆጥብ ሰው ነው፤ ጋሼ ይለኛል። መሬቱ የአባቱ ነው። አባቱ በዚያ ቆላ ያለውን የውሃ ጉድጓድ አብዛኛውን በእጃቸው የቆፈሩ አዛውንት ናቸው። እኔን እንደ ልጃቸው አንተ እያሉ ነበር የሚጠሩኝ፤ አንዳንዴም «አንተ ቀለም የጠገብክ» ይሉኝ ነበር።

ባትሪውን ባገኘሁ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉድጓዱን ልንከፍት ሄድን። ክረምቱን በሳንቃና በቆርቆሮ ከድነን፣ በላዩ እሾህ ጭነንበት ነበር የከረመው። የሞተር ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ጎርፍ ያስገባውን ደለልና ቅጠል ማውጣት ያስፈልጋል። ጥልቀቱ ስድስት ቁመተ ሰው ይሆናል። ከጎኑ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ።

ሳንቃውን ስናነሳ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ወጣ። ሌላ ዓመት ክዳኑ ሲነሳ የትንኝ መንጋ ፊታችንን ያለብሰን ነበር፤ ያን ቀን አንዲትም አልወጣችም። ይህን ያስታወስኩት በኋላ ነው።

አዛውንቱ በምርኩዛቸው አፋፉ ላይ ቆመው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኩራዙን አምጣ» አሉ።

«ላምባ ከየት ይምጣ አባባ? ቤት ውስጥ ጠብታ የለም።»

«ከጀውሃ ይጠየቃ።»

«ጀውሃ ደርሼ እስክመጣ ቀኑ ሊሄድ?»

ይሄኔ ነው እጄን ወደ ኪሴ የሰደድኩት። ቁልፉን ሦስቴ ተጭኜ ወደ ታች አበራሁት። የጠዋት ፀሐይ ፍንትው ብላ እያለች እንኳ ብርሃኑ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወረደ። የግድግዳው ድንጋይ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ለእግር መርገጫ የተቦረቦሩት ጉድጓዶች፣ በድንጋዩ መሀል የገባው የማንጎ ሥር፣ ከሥር ደግሞ ጥቁር ውሃ ታየ። ውሃው ላይ ሁለት እንቁራሪቶች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

«ይኸው አባባ» አልኳቸው። «ከኩራዝ ይሻላል። ይሄን ንፋስም አያጠፋውም።»

ጎንበስ ብለው አላዩም። «እኔ መች ልየው አልኩ? የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ ድንጋዩን አውቀዋለሁ። ተከድኖ የከረመ ጉድጓድ የሚያድርበት ነገር አለ። እሳት ሳይቀድም ሰው አይገባም።»

ስለ ጂን የሚያወሩ መሰለኝ። በእኛ ቆላ ውሃ ያለበት ቦታ ሁሉ ባለቤት አለው ይባላል፤ እኔም ለተማሪዎቼ እንዲህ ያለውን ነገር እንዳይሰሙ ስነግራቸው የኖርኩ ነኝ። ፈገግ ብዬ «እሳትም ብርሃን፣ ይሄም ብርሃን ነው እኮ» አልኳቸው።

ልጃቸው ሳቀ። «ጋሼ እውነታቸውን ነው አባባ» አለ። ቀጥሎ «ወይስ ትንሽ እንቆይ?» አለ፣ ግማሽ ለእሳቸው ግማሽ ለእኔ።

«የምን መቆየት!» አልኩ። «ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ እየታየ!»

አዛውንቱ ገመዱን አንስተው በልጃቸው ብብት ሥር አዙረው አሰሩት፤ ሌላውን ጫፍ ማንጎው ግንድ ላይ ሁለቴ ጠመጠሙት። ልጁ «እንደ በሬ!» እያለ አጉረመረመ። ባትሪውን ኮፍያው ጫፍ ላይ ሰካሁለት። «ቢስሚላህ» ብሎ ወረደ።

አንድ ቁመት፣ ሁለት ቁመት። «ድንጋዩ አልተነቃነቀም!» እያለ ይጮሃል። እኔ አፋፉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ብርሃኑን እከተላለሁ። ሦስተኛው ቁመት ላይ ቆም አለ።

«ጋሼ፣ ምን አሉኝ?»

ምንም አላልኩም ነበር።

«ምንም አላልኩህም፤ ምነው?»

«እየሰማሁ… እኮ ነው… አንቱ ይደግሙታል…» አለ። ምላሱ የወፈረ ይመስላል። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ ኮፍያው ወደቀ፤ ቀጥሎ እጁ ድንጋዩን ለቀቀ። ገመዱ በአንድ ጊዜ ተወጥሮ ማንጎው ላይ ጮኸ። ብርሃኑ ውሃው ውስጥ ገብቶ ከሥር ወደ ላይ መብራት ጀመረ፤ ሰውየው በገመዱ ተንጠልጥሎ፣ አንገቱ ወደ ጎን ወድቆ፣ በራሱ ዙሪያ ቀስ ብሎ ሲዞር ጥላው ጉድጓዱን ሁሉ ይሞላው ነበር።

ጫማዬን አወለቅሁ። አንድ እግሬን እንዳስገባሁ አዛውንቱ በቀበቶዬ ይዘው ወደ ኋላ ጣሉኝ። እንዲያ ያለ ጉልበት ይኖራቸዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ሁለት ሬሳ ልታስጎትተኝ ነው? ገመዱን ያዝ! ጎትት!»

ጎተትን። ሁለት ሰው አልበቃም። ከጎናችን ማሳ ሲያርሙ የነበሩ ሁለት ወጣቶችና አንዲት ሴትዮ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። አንድ ቦታ ላይ ትከሻውን የማንጎው ሥር ያዘውና ገመዱ አልንቀሳቀስ አለ፤ ትንሽ ለቀቅ አድርገን እንደገና ሳብን። ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሮ ዓይኑ በግማሽ ተከፍቶ ነበር። አይተነፍስም።

አፈር ላይ አስተኛነው። አባትየው ተንበርክከው አፋቸውን ጆሮው ላይ አደረጉና «ላ ኢላሀ ኢለላህ…» እያሉ በዝግታ ይሉለት ጀመር። ሴትዮዋ እጇን አናቷ ላይ ጫነች። እኔም ገባኝ፤ እንዲያ የሚባለው ለሚሄድ ሰው ነው። ደረቱን በሁለት እጄ መጫን ጀመርኩ። ስንት ጊዜ እንደተጫንኩ አላውቅም። አንድ ጊዜ ላይ ከጉሮሮው እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ወጣ፤ ቆይቶ ደገመው። አባትየው ግን አላቆሙም። ጆሮው ላይ ያሉትን ማለት የተዉት ባጃጅ መጥቶ ልጁን ከእጃቸው ስንቀበላቸው ነው።

ባጃጁ ውስጥ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። አስፋልቱ ዳር የቆሙትን ከባድ መኪናዎች እያለፍን፣ ትዝ ያለኝ ክፍል ውስጥ የምሠራው ነገር ነው። በየዓመቱ አንድ ሻማ አብርቼ ብርጭቆ እደፋበታለሁ። እሳቱ ሲጠፋ «ለምን ጠፋ?» እላለሁ። ሁሉም እጅ ያወጣል። «አየሩ አልቆ!»

አዛውንቱ ያሉኝ እሱኑ ነበር።

ሐኪም ቤት ኦክስጅን አደረጉለት። ሁለት ቀን ሳይናገር ቆየ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ።

በመሀል፣ በማግስቱ እሑድ፣ አዛውንቱ ሰው ላኩብኝ። ማሳው ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ላምባ ከጀውሃ አስመጥተዋል። ኩራዙን ለኩሰው በሽቦ አስረው ወደ ጉድጓዱ ለቀቁት። ሦስተኛው ቁመት ላይ ሲደርስ ነበልባሉ አጠረ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። አወጡት። ለኮሱት። እንደገና አወረዱት። እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ። ሦስተኛም ደገሙት። ከሥር፣ ውሃው ውስጥ፣ የእኔ ባትሪ ፈዝዞ ቢሆንም ገና ይበራ ነበር።

«ታየዎ?» አሉኝ።

አንቱ ብለውኝ አያውቁም ነበር። የሌላ ሰው ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ዞር አልኩ።

«አዎ፣ ታየኝ» አልኳቸው።

ሽቦውን ጠቅልለው፣ ኩራዙን ይዘው ሄዱ። ጉድጓዱን በዚያው ሳምንት በድንጋይና በአፈር ደፈኑት። ባትሪውን የሚያወጣ ሰው አልተፈለገም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ልጃቸው ድኗል። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ይደነዝዙታል፤ አንዳንዴ ሲያወራ አንድ ቃል ይጠፋውና አፉን ከፍቶ ይቀራል። ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ጨርሶ አያስታውሰውም። ያላስታወሰውን በራሱ ሞልቶታል። ባለፈው የእህቱ ሰርግ ላይ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ከማጀቴ ከተማ የመጡ ዘመዶቻቸው ምን እንዳገኘው ጠየቁት።

«የእኔው ጥጋብ ነዋ!» አላቸው እየሳቀ። «አባባ ላምባ እስኪመጣ ጠብቅ ብለውኝ ነበር። ጋሼም እንቆይ እያሉ ለመኑኝ። መች ሰማሁ!»

ዘመዶቹ ወደ እኔ ዞረው «አላህ ያክብርዎ፤ አንቱ ባይኖሩ እኮ…» አሉኝ። አንዱ እጄን ጨበጠኝ።

አዛውንቱ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ ሁሌም አንቱ ነው የሚሉኝ፤ ሰው ሲሰማው አክብሮት ይመስለዋል።

«መምህር» አሉኝ። «እንዲያ ነበር አይደል? አንቱ ነዎት የሚያውቁት።»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝ። ልጃቸው ፈገግ ብሎ መልሴን ይጠብቃል።

«አዎ» አልኩ። «እንዲያ ነበር።»

አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱና ለዐስር ሰላት ሊታጠቡ ወጡ። ልጃቸው ወደ እኔ ተጠግቶ የደነዘዘ እጁን ጉልበቴ ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ ከወንዙ ወዲህ ሌላ ጉድጓድ ልንቆፍር ነው። አባባ ለመምህር ንገራቸው ብለውኛል። ዘንድሮ በእሳቸው ቦታ አፋፉ ላይ ቆመው ኩራዙን የሚያወርዱት አንቱ ነዎት አሉ።»

«እሺ» አልኩት።