ውሻው የማን ነው?

ኢታንግ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ የበሽታ ቅኝት ሠራተኛ ነኝ። ውሻ የነከሳቸውን ልጆች መመዝገብና መርፌያቸውን እስኪጨርሱ መከታተል የእኔ ሥራ ነው። በመዝገብ አያያዜ እኮራ ነበር። ያ ኩራቴ ግን አንዲት ሕፃን ሊያሳጣን ነበር።

የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ከአክስቷ ጋር ገበያ መጥታ ውሻ ባቷን ነከሳት። ቁስሏን በሳሙና አጠብን፣ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች፣ እኔም «አድራሻ» ከሚለው ሥር «ኢታንግ ገበያ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። የት እንደተነከሰች እንጂ የት እንደምትኖር አልጠየቅኩም። የሁለተኛው መርፌ ቀን ደረሰ፤ ልጅቷ የለችም። በማግስቱ ስሟን ይዤ ገበያውን ዞርኩ፤ የሚያውቃት ጠፋ። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ አንዴ ከጀመረ መዳኛ የለውም። ጉድ ፈላ!

ሮጬ ለሥራ ጓደኛዬ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ነገርኳት። የአገሩ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ አጭር፣ ምላሷ ስለታም።

«አንተ ወንድሜ፣ ልጅ ገበያ ውስጥ ያድራል?» አለችኝ። አፈርኩ።

ስለ ልጅቷ አንድም ሰው አልጠየቀችም። ከሥጋ ሻጮቹ ጀምራ «ያ የሚናከሰው ውሻ የማን ነው?» እያለች ሄደች። ለካ ሰው ልጅቷን ባያውቅ ውሻውን ያውቃል! ባለቤቱ ወዲያው ተገኘ። ውሻው ሲያለከልክና ለሃጩን ሲያዝረከርክ ሰንብቶ ያን ዕለት ጠዋት ሞቷል። አብዶ ነበር ማለት ነው። ደግነቱ ሰውየው ይቅርታ ሊጠይቅ ዶሮ ይዞ ልጅቷ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር። መንገዱን አሳየን።

እናትየው ልትሰማን አልፈለገችም። ቁስሉ ደርቋል፣ ምን ያስወጋታል አለች። ጓደኛዬ መሬት ላይ ቁጭ አለችና በኑዌርኛ ስለ ውሻው ሞት ነገረቻት። እናትየው ልጇን ብድግ አድርጋ ከእኛ ቀድማ መንገድ ጀመረች።

ልጅቷ ሁሉንም መርፌ ጨረሰች። በመጨረሻው ቀን እናቷ ሁለት እጄን ይዛ ምርቃቱን አወረደችው። አላስቻለኝም።

«ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ንገሪያት፤ አድራሻዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት ጓደኛዬን።

ልጅቷን አየቻት፤ እኔን አየችኝ።

«ይሄን አልተረጉምም» አለች። «ልጅቷ በሕይወት አለች። ዝም ብለህ ተመረቅ።»

እግዜር ይስጣት፤ ዝም ብዬ ተመረቅኩ።